የተገዛ ጨዋታ እንዴት ይዘጋል?

ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «አንዘም» የተሰኘውን የቪዲዮ ጨዋታ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም ሰርቨሩን (ተጫዋቾችን በኢንተርኔት የሚያገናኘውን የኩባንያውን ኮምፒውተር) አጥፍቶ ዘጋው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ዋጋው 60 ዶላር ነበር። ዲስኩ ዛሬም እጃቸው ላይ ያለ ብዙ ሰዎች አሉ፤ መሣሪያው ውስጥ ቢያስገቡት ግን አይጫወቱበትም። ያለ ኢንተርኔት ብቻውን እንዲሠራ ከመጀመሪያው አልተዘጋጀምና ሰርቨሩ ሲጠፋ ጨዋታውም አበቃለት።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሀዋሳ ውስጥ፣ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉ ጌም ቤቶች፣ የሚሰጡት ማብራሪያዎች ይለያያሉ። አንዱ ኩባንያው ከስሮ ነው ይላል። ሌላው ሀከር ገብቶበት ነው ይላል። «አፍሪካ ስለሆንን ነው የሚዘጉብን» የሚልም አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስሕተት ናቸው፤ ጨዋታውን የዘጋው ትርፋማ ኩባንያ ነው፣ የዘጋውም ሆነ ብሎ፣ ቀን ቆርጦና አስቀድሞ አስታውቆ ነው። ሦስተኛው «አንዘም»ን አይመለከትም፣ ምክንያቱም የተዘጋው በዓለም ሁሉ ነው። ሆኖም የራሱ እውነት ስላለው ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

መልስ የሚሻው ጥያቄ ሌላ ነው። ገንዘብ ተከፍሎበት የተገዛ ነገር በሻጩ ውሳኔ ብቻ ከጥቅም ውጭ መሆን የቻለው እንዴት ነው? ዶላር፣ ኢንተርኔትና አካውንት ሁሉም በሚቸግሩበት ከተማ ለሚኖር ተጫዋችስ ምን ትርጉም አለው? (ከዚህ በታች «ዓ.ም» ካልተባለና ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዲስክ ወደ ፈቃድ

ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን በ2000 ለገበያ ካቀረበ ጀምሮ ከ160 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። መሣሪያው እንደ ሀዋሳ ባሉ ከተሞች ሥር የሰደደው በግራፊክሱ ብቻ አይደለም። ጨዋታው ከነሙሉ አካሉ ዲስኩ ላይ ነበር፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ የባንክ ካርድ አይጠይቅም። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ጆይስቲክና ከጀርባ ተራ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ከተገኘ ሥራው ይጀመራል። የተሸነፈ ይነሣል፣ ቀጣዩ ይገባል፣ ሒሳቡ በጨዋታ ይቆጠራል። ዲስኩ አልነብ ሲል በሸሚዝ ጫፍ ተወልውሎ ይመለሳል። የጃፓኑን ኩባንያ የኮናሚን የእግር ኳስ ጨዋታ «ዊኒንግ ኢለቨን» በጃፓንኛ ቅጂው የለመዱ ልጆች አንዲት ፊደል ሳያነቡ፣ የትኛው መስመር ላይ ስንት ጊዜ ወደ ታች ወርዶ መጫን እንዳለበት በቃላቸው አጥንተው ቡድን ያሰልፉ ነበር። ከእነዚያ ዲስኮች ብዙዎቹ ሕጋዊ ያልሆኑ ቅጂዎች እንደነበሩም መካድ አይቻልም። ሕጋዊው ዲስክም ሆነ ቅጂው ግን አንድ የጋራ ባሕርይ ነበራቸው። ከሱቅ ከወጡ በኋላ ማንም ሊያጠፋቸው አይችልም ነበር።

ዛሬ በኦንላይን መደብር «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው የሚያገኘው ላይሰንስ ነው። ላይሰንስ ማለት ባለቤቱ ሌላ ሆኖ፣ ባለቤቱ ባስቀመጠው ገደብ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ሊሻር እንደሚችል በአጠቃቀም ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ውሉን አንብቦ «እስማማለሁ» የሚል ግን ከስንት አንድ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን አሳሳች አሠራር ለማረም በ2024 ሕግ አወጣ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሻጮች ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይነግሩት ዲጂታል ዕቃን «ግዛ» ብለው መሸጥ አይችሉም። ትልቁ የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር ስቲም ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ አስቀድሞ ይህንኑ የሚገልጽ ማሳሰቢያ በክፍያ ገጹ ላይ አስፍሯል። ሕጉ መረጃ መስጠትን ያስገድዳል እንጂ ጨዋታው እንዳይዘጋ አይከለክልም።

ዲስክ የያዘስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ2022 የወጣው «ኮል ኦፍ ዱቲ፦ ሞደርን ዋርፌር 2» በፕሌይስቴሽን 5 ዲስኩ ላይ የነበረው ወደ 70 ሜጋባይት ብቻ ነው። ቀሪው፣ ማለትም ጨዋታው ራሱ፣ በኢንተርኔት ይወርዳል። ኒንቴንዶም በ2025 ስዊች 2 ከተባለው የጨዋታ መሣሪያው ጋር «ጌም ኪ ካርድ» የሚባል ካርድ አምጥቷል፤ ውስጡ ያለው ጨዋታውን ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስችል ቁልፍ ነው። ካርዱን መሸጥም ማዋስም ስለሚቻል ከንጹሕ ዲጂታል ግዢ ይሻላል፤ ኩባንያው የማውረጃ ሰርቨሩን በዘጋ ዕለት ግን ካርዱ ባዶ ፕላስቲክ ይሆናል።

ሰርቨሩ ምን ይሠራል፣ ለምንስ ይዘጋል

ሰርቨር ተጫዋቾች በኢንተርኔት የሚገናኙበት፣ ኩባንያው የሚያስተዳድረው ኮምፒውተር ነው። ሥራው ሦስት ዓይነት ነው። ተጋጣሚዎችን ያገናኛል። የተጫዋቹን ደረጃ፣ ገንዘብና ዕቃ ይመዘግባል። ከዚህ በተጨማሪ ሰውየው በእርግጥ ፈቃድ ያለው መሆኑን ያጣራል። የመጀመሪያው ሥራ ለኦንላይን ግጥሚያ የግድ ያስፈልጋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በተጫዋቹ መሣሪያ ላይ ሊሠሩ ሲችሉ ወደ ሰርቨሩ እንዲሄዱ የተደረጉበት ጊዜ ብዙ ነው። ቅጂን ለመከላከል ያመቻል፣ በጨዋታው ውስጥ የሚሸጡ ዕቃዎችንም ለመቆጣጠር ያመቻል። ውጤቱ ብቻውን መኪና የሚነዳ ተጫዋች እንኳ ያለ ኢንተርኔት መንቀሳቀስ አለመቻሉ ነው።

የፈረንሳዩ ኩባንያ ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የዚህ ዋና ማሳያ ሆኗል። የመኪና ጨዋታ ነው፤ በዲሴምበር 2014 ወጣ፣ በአሜሪካ ካርታ ላይ ብቻን እየነዱ መጫወት ይቻልበት ነበር፣ ግን ሁልጊዜ ከሰርቨር ጋር መገናኘት ነበረበት። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶም ኩባንያው ከገዢዎቹ ላይ ፈቃዱን ራሱን መሰረዝ ጀመረ፤ ጨዋታው ከገዙት ዝርዝር ውስጥ ሳይቀር ወጣ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት የሰርቨሩ መሠረተ ልማትና የፈቃድ ገደቦች የሚል ነው።

የፈቃድ ገደብ የሚለው ምክንያት ባዶ ሰበብ አይደለም። በመኪና ጨዋታ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የመኪና ስምና ቅርጽ ከአምራቹ በውል የተገኘ ነው፤ በእግር ኳስ ጨዋታ ውስጥ ያሉ ሊጎች፣ መለያዎችና የተጫዋቾች ስምም እንዲሁ። ውሉ የጊዜ ገደብ አለው። የ«ፊፋ» ጨዋታዎችን ይሠራ የነበረው ኤሌክትሮኒክ አርትስና የዓለም እግር ኳስ ማኅበሩ ፊፋ ከረጅም ዓመታት ትብብር በኋላ በ2022 መለያየታቸውን አስታወቁ፤ «ፊፋ 23» የመጨረሻው ሆነና በሴፕቴምበር 2023 «ኤፍሲ 24» ሲወጣ የቀድሞዎቹ የፊፋ ጨዋታዎች ከኦንላይን መደብሮች ተነሡ። ሀዋሳ ውስጥ ዛሬም ሁሉም «ፊፋ እንጫወት» ነው የሚለው። መደብሩ ላይ ግን በዚያ ስም የሚሸጥ የኩባንያው ጨዋታ የለም።

ነገር ግን መሸጥ ማቆምና የተሸጠውን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። የፈቃድ ውል ማብቃት የመጀመሪያውን ያስረዳል፤ ሁለተኛውን አያስረዳም። የድሮ የፊፋ ዲስክ ያለው ሰው ዛሬም ጓደኛውን አጠገቡ አስቀምጦ ይጫወታል፣ የ«ዘ ክሩ» ዲስክ ያለው ግን አይችልም። ልዩነቱ የመጣው ጨዋታው ሲሠራ ከተወሰነ የቴክኒክ ውሳኔ ነው፤ የመኪና አምራቾች ያዘዙት አይደለም። በአደባባይ ክርክሩ ላይ ሁለቱ ነገሮች እየተቀላቀሉ ኩባንያዎቹ ከሚገባቸው በላይ መከላከያ ሲያገኙ ይታያል።

ገንዘቡ ያለው የት ነው

ቀድሞ የአንድ ጨዋታ ሽያጭ አንድ ጊዜ ነበር። ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚፈልጉት «ላይቭ ሰርቪስ» የሚባለውን አሠራር ነው፤ ጨዋታው ከተሸጠ ወይም በነጻ ከተሰጠ በኋላ ለዓመታት አዳዲስ ነገር እየተጨመረበት፣ ተጫዋቹም እየከፈለ የሚቆይበት መንገድ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2021 የበጀት ዓመቱ «አልቲሜት ቲም» ከሚባለው የስፖርት ጨዋታዎቹ ክፍል ብቻ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝቷል፤ ከጠቅላላ ገቢው 29 በመቶ መሆኑ ነው። ያ ገቢ በብዛት የሚገኘው ተጫዋቾችን የያዙ የታሸጉ ካርዶችን በመሸጥ ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ውስጡ ማን እንዳለ አያውቅም። ኮከብ ሊወጣለት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የማይፈልገው ተጫዋች ይወጣል።

እንዲህ ያለው ዕጣ የመሰለ ሽያጭ በጥቅሉ «ሉት ቦክስ» ይባላል። ቁማር ነው ወይስ አይደለም የሚለው በአውሮፓ ሳይቀር አንድ መልስ አላገኘም። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ በ2018 ቁማር ነው ብሎ ወሰነ፤ ኤሌክትሮኒክ አርትስም ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ በዚያ አገር የካርድ መግዣ ነጥቦችን መሸጥ አቆመ። የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪ በዚሁ ኩባንያ ላይ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጥሎ ነበር፤ በማርች 2022 ግን የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው። ፍርድ ቤቱ ካርዶቹ የሰፊው የእግር ኳስ ጨዋታ አካል እንጂ ራሳቸውን የቻሉ የዕድል ጨዋታ አይደሉም የሚል አቋም ያዘ። ኩባንያዎቹም የሚከራከሩት ከዚህ በማይርቅ መንገድ ነው፤ ተጫዋቹ ሳይከፍልም ካርድ ማግኘት ይችላል፣ የሚከፍለውም በፈቃዱ ነው ይላሉ።

በሕግ ቋንቋ የኔዘርላንድሱ ውሳኔ ሊያስኬድ ይችላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ዋናው ነጥብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ካርዶቹ ወደሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ አይሻገሩም። አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብና ጊዜ አፍስሶ የሰበሰበው ቡድን በመስከረም አዲሱ ሲወጣ በአሮጌው ውስጥ ይቀራል፤ ሁሉም ወደ አዲሱ ሲሄድም ተጋጣሚ ያጣል። ገቢው የሚገኘው ነገሩ ጊዜያዊ በመሆኑ ነው። ስለዚህም የጨዋታ መዘጋት ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ ከንግዱ ስሌት ውስጥ አስቀድሞ የገባ ነው።

ስሌቱ ሁልጊዜ አይሳካም። ሶኒ በኦገስት 23 ቀን 2024 ያወጣውን «ኮንኮርድ» ሰው ስላልገባለት በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 6፣ ከገበያ አነሣው። ለገዢዎች ሁሉ ገንዘባቸውን መልሷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ለዓመታት ከተሸጠ በኋላ ለሚዘጋ ጨዋታ ግን ገንዘብ መመለስ የተለመደ አይደለም።

የስልክ ጨዋታዎች ሌላው መልክ ናቸው። እንደ «ፐብጂ ሞባይል» እና እንደ ኮናሚው «ኢፉትቦል» ያሉት በነጻ ይወርዳሉ፣ ያለ ሰርቨር ግን አይሠሩም። እነዚህን በጅምላ መኮነን አያስኬድም። ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ የጨዋታ መሣሪያ) የመግዛት አቅም የሌለው የሀዋሳ ተማሪ በእጁ ባለው ስልክ ከሌላ አገር ልጅ ጋር እኩል ሜዳ ላይ እንዲገናኝ ያደረጉት እነሱ ናቸው። አሳሳቢው የክፍያው አቀራረብ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የ«ፎርትናይት» ባለቤት በሆነው ኤፒክ ጌምስ ላይ በዲሴምበር 2022 ያስታወቀው የ520 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ከፊሉ የሕጻናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰብ ነው። 245 ሚሊዮኑ ግን ተጫዋቾች ሳያስቡት እንዲገዙ በሚያደርግ የአዝራሮች አሠራር ምክንያት ለተጠቃሚዎች የሚመለስ ነበር። ይህን ያህል የተወሰነው ጠንካራ ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው።

ሀዋሳ ላይ ሲደርስ

የመጀመሪያው ግድግዳ ዋጋ ነው። የትልልቅ ጨዋታዎች ዋጋ ከ2020 ጀምሮ ከ60 ወደ 70 ዶላር ወጥቷል፤ በ2025 ኒንቴንዶ «ማሪዮ ካርት ወርልድ»ን በ80 ዶላር ሸጧል። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ከመፍቀዱ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ የ70 ዶላር ጨዋታ 3,990 ብር ነው። ዶላሩ 150 ብር ሲሆን ያው ጨዋታ 10,500 ብር ይሆናል። ስቲም ለብር የተለየ ዋጋ የለውም፤ ኢትዮጵያዊው ተጫዋች የሚያየው በዶላር የተጻፈውን ነው። ለዚህ ያህል ገንዘብ ሰው የሚጠብቀው ዘላቂ ንብረት ነው፤ የሚያገኘው ግን ከላይ ያየነው ሊሻር የሚችል ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው ግድግዳ «አፍሪካ ስለሆንን ነው» የሚለው አባባል እውነትነት የሚያገኝበት ነው። የሶኒ የኦንላይን አገልግሎት፣ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ፣ አካውንት ሲከፈት ከሚያቀርባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። መሣሪያው ሀዋሳ ውስጥ በየጌም ቤቱ አለ፤ ለኩባንያው መዝገብ ግን እዚህ ደንበኛ የለም። በዚህ ምክንያት ተጫዋቹ ወይም የጌም ቤቱ ባለቤት አካውንት ሲከፍት አሜሪካን ወይም ሌላ አገርን ይመርጣል፣ የዚያኑ አገር ጊፍት ካርድ በቴሌግራም ከሚሸጡ ሰዎች ወይም ከውጭ ዘመድ ያገኛል። በውሉ መሠረት የተሳሳተ አገር ማስመዝገብ ጥሰት ነው። አካውንቱ ቢታገድ የተገዛው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ አቤት የሚባልበት ቦታም የለም።

ይህ ክፍተት ለዓለም የተገለጠው በ2024 ነው። የሶኒ ጨዋታ «ሄልዳይቨርስ 2» በፌብሩዋሪ ወጥቶ በኮምፒውተር ላይ በጣም ተሸጠ። በሜይ መጀመሪያ ሶኒ የስቲም ተጫዋቾች ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት እንዲያያይዙ የሚያስገድድ መመሪያ አወጣ። ከዚያም ጨዋታው አገልግሎቱ በማይደርስባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ገበያ ተነሣ። ቀድመው የገዙ ሰዎች ከፍለው ሊታገዱ ነው ማለት ነበር። በየአገሩ ያሉ ተጫዋቾች በስቲም ላይ ተቃውሟቸውን አጎረፉ፤ አገልግሎቱ በሚደርስባቸው አገሮች ያሉትም አብረው ተሟገቱ፤ ሶኒ በቀናት ውስጥ ማስገደዱን ተወው። ማይክሮሶፍትም በጁን 2013 ኤክስቦክስ ዋን የተባለው የጨዋታ መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት ብሎ በዚያው ወር ወደኋላ ብሏል። ኩባንያዎቹ የተጫዋች ቁጣ ይሰማሉ፤ የሚሰሙት ግን ገበያዬ ከሚሉት አካባቢ ሲመጣ ነው።

የጌም ቤቱ ንግድ ራሱም ከውሎቹ ጋር አይገጥምም። የኮንሶል አጠቃቀም ውሎች ባመዛኙ ለግል እንጂ ለንግድ አገልግሎት አይፈቅዱም። አንድ መሣሪያ በቀን ብዙ ሰው የሚያስተናግድበት፣ ገንዘቡ በግጥሚያ የሚከፈልበት አሠራር በእነዚያ ሰነዶች ውስጥ ቦታ የለውም። ነገር ግን አብዛኛው ወጣት ከዓለም ጨዋታዎች ጋር የሚገናኘው በዚህ በር ነው። ሰዓቱን እንጂ ጨዋታውን ሳይገዛ ስለሚጫወት የመዘጋቱ ኪሳራ በቀጥታ የሚያርፈው በቤቱ ባለቤት ላይ ነው። ባለቤቱም ከልምድ ተነሥቶ ምርጫውን አድርጓል፦ መብራትና ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ደንበኛ የሚያስነሣ ጨዋታ አያስገባም። የጌም ቤት ስክሪኖች ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚካሄድ የእግር ኳስና የቡጢ ጨዋታ የበዛው በጣዕም ብቻ አይደለም።

ሕጋዊነትን የሚጎዳ አንድ ውጤትም አለ። ያልተገዛ ጨዋታ እንዲቀበል የሶፍትዌሩ መቆለፊያ የተሰበረ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የተጫነ ያልተገዛ ጨዋታ ኩባንያው ምንም ቢወስን ይሠራል። በትክክል ተከፍሎበት በአካውንት የተገዛው ግን ሊነሣ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት የተጠበቀ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ መገልበጥ ጥፋት መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ከፍሎ የገዛው ሰው ካልከፈለው ያነሰ ዋስትና ሲኖረው ሰውን ወደ ሕጋዊ ግዢ መሳብ ይከብዳል። ከሰርቨር ውጭ ምንም ለማይሠሩት ጨዋታዎች ደግሞ ሰበራውም መፍትሔ አይሆንም፤ ዋናው ክፍል መቼም ቢሆን ተጫዋቹ እጅ አልገባምና።

ክርክሩ

የ«ዘ ክሩ» መዘጋት በ2024 «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የተባለ ዘመቻ ወለደ። ዘመቻውን የጀመረው የዩቲዩብ ባለሙያው ሮስ ስኮት ነው። በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች ጥያቄ በሚባለው ሥርዓት የተሰበሰበው ፊርማ እስከ ጁላይ 2025 መጨረሻ ድረስ ከሚፈለገው 1 ሚሊዮን አልፏል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። ኩባንያዎች ሰርቨር ለዘላለም ያቆዩ አይልም። የሚለው የተሸጠ ጨዋታ ድጋፉ ሲቋረጥ በሆነ መንገድ መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ይተው ነው፤ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ በማድረግ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር እንዲያቆሙ በመፍቀድ።

የኢንዱስትሪው ማኅበር ቪዲዮ ጌምስ ዩሮፕ ይህን ተቃውሟል። የግል ሰርቨር ሁልጊዜ የሚሆን አማራጭ አይደለም፤ ኩባንያው መረጃ ለመጠበቅና ሕገወጥ ይዘትን ለማስወገድ የሚወስዳቸው እርምጃዎች በግል ሰርቨር ላይ አይኖሩም፤ ብዙ ጨዋታዎች ከመሠረታቸው ለኦንላይን ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው ግዴታው ወጪውን ያንረዋል ይላል። በተለይ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ዓለም የሚኖርበትን ጨዋታ በበርካታ ሰርቨሮች ላይ ከሚሠራ ውስብስብ ሥርዓት አውጥቶ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ከባድ ሥራ ነው። የትንንሽ ስቱዲዮዎች ሥጋትም አለ። «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ እንደሠራው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ያሉ ጥቂት ሰው ያላቸው ቡድኖች ላይ ትልልቆቹ የሚሸከሙትን ግዴታ እኩል መጫን ፍትሐዊ አይሆንም።

የታየው ተግባር ግን ኢንዱስትሪው «አይቻልም» ከሚለው ይልቅ ወደ ዘመቻው ያደላል። «ኖክአውት ሲቲ»ን የሠራው ቬላን ስቱዲዮስ በ2023 ጨዋታውን ሲዘጋ ተጫዋቾች ራሳቸው ሰርቨር የሚያቆሙበትን ቅጂ ለቋል፤ ትልቅ ኩባንያ አይደለም። ዩቢሶፍት ራሱ ከነቀፋው በኋላ «ዘ ክሩ 2» ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ በ2025 አውጥቷል፤ የመኪና ፈቃዶቹ አላገዱትም። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ሥራው አስቀድሞ ከታሰበበት ይቻላል፤ ጨዋታው ከተጠናቀቀ በኋላ ሲጠየቅ ነው ውድ የሚሆነው። ስለዚህ ሕግ ከወጣ የሚመለከተው ወደፊት የሚሠሩ ጨዋታዎችን ቢሆን፣ ለትንንሽ ስቱዲዮዎችም የተለየ አንቀጽ ቢኖረው፣ የኢንዱስትሪው መከራከሪያ ዋና ጉልበቱን ያጣል።

ከተጫዋች መብት ሌላ የቅርስ ጉዳይም አለ። በአሜሪካ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት በዚያ አገር ከ2010 በፊት ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። እነዚያ የዲስክ ዘመን ሥራዎች በመሆናቸው ቢያንስ በሰብሳቢዎች እጅ አሉ። በሰርቨር ላይ ብቻ የነበረ ጨዋታ ግን ሰብሳቢም ሊያድነው አይችልም። ሠዓሊዎች፣ ሙዚቀኞችና የፕሮግራም ጸሐፊዎች ዓመታት የደከሙበት ሥራ በአንድ ውሳኔ ማንም ዳግመኛ በማያየው ሁኔታ መጥፋቱ ጨዋታን ለሚወድ ሁሉ ከ60 ዶላሩ የበለጠ ያማል።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

የአውሮፓ ኮሚሽን የተረጋገጠ የዜጎች ጥያቄ በይፋ ከቀረበለት በኋላ በ6 ወር ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሕግ የማርቀቅ ግዴታ ግን የለበትም። መለሳለስ የታየበት መልስ፣ ለምሳሌ ጨዋታው እስከ መቼ እንደሚሠራ በሽያጭ ጊዜ ማሳወቅን ብቻ የሚያስገድድ፣ ሊመጣ ይችላል። የባለቤትነት ለውጡም መታየት ያለበት ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስን የሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድና ሌሎች ባለሀብቶች በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በሴፕቴምበር 2025 ተስማምተዋል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ቢሊዮኑ በብድር የሚሸፈን ነው። ይህን የሚያህል ብድር የሚከፍል ኩባንያ የካርድ ሽያጩን ይቀንሳል፣ ገቢ የማያመጡ የድሮ ሰርቨሮችንም ያቆያል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የመሣሪያዎቹ አቅጣጫም ያው ነው። በኖቬምበር 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ የዲስክ ማጫወቻ ሳይኖረው ነው የሚሸጠው፤ ማጫወቻው ለብቻው ይገዛል፣ መጀመሪያ ሲገጠምም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለሀዋሳ ጌም ቤት ባለቤት ይህ ትንሽ ዝርዝር አይደለም። ዲስክ የሌለው መሣሪያ ሲገዛ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያገለገለ ዲስክ ገዝቶ፣ ተጫውቶበት፣ መልሶ መሸጥን ይዘጋል፤ እያንዳንዱ ጨዋታም በውጭ አገር ስም በተከፈተ አካውንት ውስጥ ይታሰራል። ዲስክ ሲገዙም ሽፋኑ ላይ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ቀሪውን ማውረድ ያስፈልጋል የሚሉትን ጽሑፎች ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ላለው ደግሞ ጂኦጂ የተባለው መደብር የሚሸጣቸው ጨዋታዎች ፋይላቸው ወርዶ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ሊቀመጥ ይችላል፤ ብቻን የሚጫወቱባቸው ከሆኑ መደብሩ ቢዘጋም ይሠራሉ።

በኢትዮጵያ ሕግ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። እዚህ ቢሮ በሌለው የውጭ ኩባንያ ላይ ይህን ማስፈጸም አስቸጋሪ ነው። ዲስኩንና መሣሪያውን አስመጥተው ሱቅ ውስጥ በሚሸጡ ነጋዴዎች ላይ ግን ይቻላል፤ ዲስኩ ሙሉ ጨዋታውን ይዟል ወይስ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለገዢው መንገር ወጪ የለውም። ዋናውን ለውጥ በተመለከተ ግን የሀዋሳ ተጫዋች ዕጣ በአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ ብራስልስ ላይ ከሚወሰነው ጋር የተያያዘ ነው። ለአውሮፓ ገበያ ሲባል ያለ ሰርቨር እንዲሠራ የተዘጋጀ ጨዋታ ሀዋሳም ያንኑ ሆኖ ይደርሳል፤ ኩባንያዎቹ ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ፕሮግራም አይሠሩምና።